የተጎዱት ሳይጠየቁ

ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አዳራሽ በተጋባዦች ሞልቶ «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም እስኪጀመር ይጠበቅ ነበር። ፊልሙ በዚያው ዓመት ጥር ወር አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት፣ ፓርክ ሲቲ በምትባል ከተማ ከተካሄደው የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ይዞ ወጥቷል። ጥቂት ቆይቶ በርሊን ላይም ተመልካች መርጦታል። አንጀሊና ጆሊ በፕሮዲውሰርነት ስሟን ሰጥታዋለች። በአማርኛ የተሠራ፣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ፣ ዓለም ዞሮ የመጣ ሥራ ለገዛ አገሩ ሰው ሊታይ ነው። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ መድረክ ላይ ወጣ። ይዞት የወጣው ወሬ ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር። በፊልሙ ላይ የፍርድ ቤት እግድ እንዳለ ፖሊስ እንደነገራቸው፣ እነሱም ስለ እግዱ ገና መስማታቸው እንደሆነ ተናገረ። እንግዳው ፊልሙን ሳያይ ተበተነ።

እግዱ የመጣው ከሳንሱር ቢሮ አልነበረም። አቤት ያለችው አበራሽ በቀለ ናት። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ አርሲ ውስጥ፣ የ14 ዓመት ተማሪ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረች። ከታሰረችበት ጠመንጃ ይዛ ሸሸች፣ ጠላፊው ሲከተላት ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላትና በረጅም ክርክር ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። በዚያ ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ቀዳዳው የተደፈነው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ይህች ልጅ በአገሪቱ የሕግ ታሪክ ውስጥ ያላት ስፍራ ቀላል አይደለም።

በፊልሙ ውስጥ ስሟ ሂሩት ነው። ትዝታ ሐገሬ የተባለች ታዳጊ ሂሩትን ሆና ትጫወታለች፤ ሜሮን ጌትነት ደግሞ ጠበቃዋን ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊን። የጠበቃዋ ስም እንዳለ ተቀምጧል፤ የልጅቷ ግን ተቀይሯል። አበራሽ ያለችው በአጭሩ ይህን ነበር፦ ታሪኩ የእኔ ነው፣ ፈቃዴን ግን አልተጠየቅሁም። ጉዳዩ ከጊዜ በኋላ በስምምነት አለቀ፤ ፊልሙም ለሕዝብ ታየ።

ይህን የምጽፈው ከዲላ ነው፤ የዚያ ምሽት ነገር እዚህ ገና ያልተዘጋ ጉዳይ ስለሆነብኝ ነው የማነሳው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዲላ የሚደርስ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አረንጓዴውን ነው። በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ መሐል ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎመንና ቦይና፣ ሁሉም በአንድ ማሳ። መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህን አሠራር፣ ሕዝቡ የሚጠብቃቸውን የተቀደሱ ደኖችና እንደ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ ያሉትን የትክል ድንጋይ ስፍራዎች በአንድ ላይ አይቶ ነው። የይርጋጨፌ ቡና በዓለም ገበያ ስሙ የሚጠራው ከዚሁ ዞን ነው። ይህ ሁሉ በካሜራ በደንብ ተቀርጿል። የቡና ኩባንያው ቀርጾታል፣ ቱሪዝሙ ቀርጾታል፣ የሰርግ ዘፈን የሚሠራው ቀርጾታል።

ሌላም አለ። ሚያዝያ 2010 ዓ.ም.፣ ከዚያም ሰኔ ላይ እንደገና፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀየው ወጣ። አብዛኛው ጌዴኦ ነበር፤ የተፈናቀለው ጉጂም ጥቂት አልነበረም። ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት ቤተሰቦች በትምህርት ቤት ክፍሎች፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሾች፣ ባላለቁ ሕንፃዎች ወለል ላይ ተደራርበው አደሩ። ከወራት በኋላ፣ በ2011 አጋማሽ ላይ፣ በዚሁ ዞን ጌዴብ ወረዳ ውስጥ ተጠልለው የነበሩ ሰዎች ረሃብ እያዳከማቸው መሆኑ ሲሰማ አገር ደነገጠ። በ2010 በዓለም ላይ ከነበሩት የአገር ውስጥ መፈናቀሎች ከትልልቆቹ አንዱ እዚህ፣ በዚህ አረንጓዴ ውስጥ ሆነ።

የዲላ ወጣት ዛሬ በእጁ ያለው ስልክ ዘረሰናይ ትምህርት ቤት ሳለ ያልነበረ ካሜራ ነው። ፊልም መሥራት የሚፈልጉ አሉ፤ ጌም መሥራት የሚፈልጉም። ይህ አሁን ቅዠት አይደለም፦ አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለውን፣ ዶሮ ሯጭ የሆነችበትን ጨዋታ፣ ቀጥሎም ገበታን በስልክ ላይ አውጥቷል። እንግዲህ ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ስለ 2010 ለመሥራት ሲነሳ ከማን ፈቃድ ይቀበላል? ይህ ጥያቄ ከኢትዮጵያ ውጭ በጣም በተመረረ መንገድ የተነሳበትን አንድ ሰው ታሪክ እዚህ ላይ መተረክ አለብኝ።

ዳኒ ሌዶን ከአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ አላሞሳ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ፊልም የተማረ፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው ነው። በዚያው ግዛት ባለው በኮለምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 1999 ሁለት ተማሪዎች መሣሪያ ይዘው ገብተው 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደሉ፤ ከዚያ ራሳቸውን አጠፉ። ሌዶን ያኔ እሱም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፣ እሱም እኩዮቹ የሚያሾፉበት፣ የሚገፉት ልጅ። ገዳዮቹን በቴሌቪዥን ሲያይ በራሱ ውስጥ የሚያውቀውን ነገር አይቶ እንደፈራ በኋላ ተናግሯል። ፊልም ለመሥራት ገንዘብ አልነበረውም። ርካሽ የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ገዛ፣ ወራት ፈጀበት፣ ልክ በስድስተኛው ሙት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ስሙን ደብቆ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ለቀቀው። ርዕሱን «ሱፐር ኮለምባይን ማሳከር አርፒጂ!» አለው፤ የቃለ አጋኖው ምልክት ሳይቀር የርዕሱ አካል ነው።

ጨዋታውን የሚጫወተው ሰው ገዳዮቹን ሆኖ ይጫወታል። ይህን ደግሜ ብጽፈው አይበዛም። ሥዕሎቹ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) እንደነበሩት የልጆች ጌሞች ደቃቃ ናቸው፤ ሰዎቹ ነጥብ ነጥብ ሆነው ነው የሚታዩት። ንግግሮቹ ግን በብዛት ገዳዮቹ ራሳቸው ከጻፉትና ከተናገሩት የተወሰዱ ናቸው። ሁለቱ ሲሞቱ እውነተኛው ፎቶግራፍ ይመጣል፣ የሚያለቅሱ ተማሪዎች ፎቶ ይከተላል፣ ከዚያ ጨዋታው ሲኦል ውስጥ ይቀጥላል። ሌዶን ተጫዋቹን ዘና የማድረግ ሐሳብ እንዳልነበረው፣ ሰው ገዳዮቹን «ጭራቅ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ከየት እንደመጡ እንዲያይ መፈለጉን ይናገራል።

ስሙ ተደብቆ ለዘለቄታው አልቀረም። ከተገደሉት ተማሪዎች የአንዷ ጓደኛ የነበረ ሰው ፈልጎ አገኘውና እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ አወጣው። ይህችን ዝርዝር ብዙዎች ያልፏታል፤ ለእኔ የታሪኩ እምብርት ናት። ሌዶን የራሱን ስም ሰውሮ የገዳዮቹን ስምና ፊት አደባባይ አውጥቶ ነበር። «ይህን ያደረግህ አንተ ማነህ?» ብሎ የጠየቀው የሟች ወዳጅ ሆነ። ሌዶን ያን ጊዜ ወጥቶ በገሃድ መከራከር ጀመረ፤ ይህ ይቆጠርለታል።

በዚያው ዓመት መስከረም ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ ዶውሰን ኮሌጅ ላይ አንድ ሰው ተኩሶ አንዲት ተማሪ ገደለ፣ ብዙዎችን አቆሰለ። ይህ ሰው ከሚወዳቸው ጌሞች መሐል የሌዶንን ጽፎ ተገኘ። ጋዜጦቹ የሌዶንን ስልክ ማንኳኳት ጀመሩ። ጌም ሰውን ገዳይ ያደርጋል የሚለውን ቀጥተኛ ድምዳሜ እኔ አልቀበለውም፤ ያንኑ ጌም የተጫወተው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። የሟቾቹ ወላጆች ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው ለመገመት ግን ጥናት አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሆነው «ድፍረት» ወደተሸለመበት ከተማ ይወስደናል። ፓርክ ሲቲ ውስጥ ከሰንዳንስ ጎን ስላምዳንስ የሚባል ሌላ ፌስቲቫል ይካሄድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመሩት ሰንዳንስ ያልተቀበላቸው ፊልም ሠሪዎች ናቸው። በተገፉ ሰዎች የተቋቋመ ማለት ነው። ለእ.ኤ.አ. 2007 ውድድሩ ከመጨረሻዎቹ 14 ጌሞች አንዱ አድርጎ የሌዶንን መረጠ። ጥር ላይ የፌስቲቫሉ ኃላፊ ፒተር ባክስተር ጌሙን ከውድድሩ አስወጡት። ዳኞቹ የመረጡትን አስተዳደሩ ጣለ። ከተወዳዳሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሥራቸውን በተቃውሞ አወጡ፤ ከእነሱ መሐል በኋላ በዓለም የታወቀው የ«ብሬድ» ሠሪ ጆናታን ብሎው አለበት። ውድድሩን ይደግፍ የነበረው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጌም ትምህርት ክፍልም ድጋፉን አነሳ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ዘረሰናይ ሲኒማ የተማረበት ነው።

ሌዶን ከዚህ ሁሉ ፊልም ሠራ። «ፕሌይንግ ኮለምባይን» የተባለው ዘጋቢ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፤ ጌም እንደ ፊልምና እንደ መጽሐፍ አሳዛኝ እውነትን የመንካት መብት አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም፣ በእኔ እምነት፣ አዎ ነው። ከዚያ ወዲያ ፊልም ሲሠራና ሲያስተምር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቀድሞ ያስተምርበት የነበረውን የአላሞሳውን አዳምስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በድረ ገጹ በመተቸቱ ግቢው ውስጥ እንዳይገባ ታገደ። የሲቪል መብት ጠበቆች ቆመውለት ክሱ በሚቀጥለው ዓመት በካሳ አለቀ። ባለሥልጣን ሲያፍነው የማይተኛ ሰው ነው።

ታዲያ ከዘረሰናይ ጋር ምን ያገናኘዋል? አንዱ ጠለፋን ለማስቆም የሠራ፣ አገር ያከበረው ፊልም ነው፤ ሌላው ብዙዎች የተጸየፉት ጌም። በክብደት አላስተካክላቸውም። የሚገናኙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለቱም በሕይወት ያሉ ሰዎችን ቁስል ጥሬ ዕቃ አድርገው ሲሠሩ እነዚያን ሰዎች አልያዙም። ሌዶን የገዳዮቹን ስም ሳይቀይር አወጣ፤ «ድፍረት» የአበራሽን ስም ቀየረ። ስም መቀየር ጥንቃቄ ይመስላል፤ ለብዙ ተጎጂ ትክክለኛውም ይህ ነው። ለአበራሽ ግን ሌላ ውጤት አመጣ፤ ዓለም በታሪኳ ሲያለቅስ እሷ በሌላ ሰው ስም ከአዳራሹ ውጭ ቀረች። የትኛው ይሻላል ለሚለው መልስ መስጠት የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች።

ራሱን የቻለ ፊልም ሠሪ ስንል ብዙ ጊዜ ከገንዘብና ከሥልጣን ነጻ የሆነውን ማለታችን ነው። ለዚህ ከኛ ሰው ታላቁ ምሳሌ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። ጎንደር ተወልደው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሄዱ፤ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን በአብዮቱ ሰሞን መጥተው ሲቀርጹ ካሜራቸው ፊት የቆሙት በሙያው ያልነበሩ ሰዎች፣ ገበሬዎች ነበሩ። «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጨርሱ በአሜሪካ አከፋፋይ አልተገኘለትም። እሳቸውም ከተማ ለከተማ እየዞሩ፣ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ማኅበረሰቡን እያስተባበሩ ራሳቸው አሳዩት። በዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በዚሁ ፊልም ስም የተከፈተው መጽሐፍ ቤት ዛሬም አለ። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፣ በቀጣዩ ዓመት በፌስፓኮ ተሸለመ። ኃይሌ ለአከፋፋይ አልተንበረከኩም፤ ፊልማቸውን የተሸከመው ግን ታሪኩ የሚመለከተው ሕዝብ ነው። ነጻነታቸውና ተጠያቂነታቸው አብረው ሄዱ።

ዘረሰናይም ከ«ድፍረት» በኋላ ከዚህ ጉዳይ አላመለጠም። «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ቶሮንቶ ላይ ሲወጣ ዳኮታ ፋኒንግ ከኢትዮጵያ የተሰደደች ነጭ ሴት ሆና መጫወቷ ቁጣ አስነሳ። እሱና ተዋናይዋ ገጸ ባሕሪዋ በልጅነቷ አፍሪካ ውስጥ ተትታ ያደገች፣ በኋላም ኢትዮጵያ የገባች እንግሊዛዊት መሆኗን አስረዱ፤ ፊልሙ የተመሠረተበት ልብ ወለድም እንዲያ ነው። እውነታቸውን ነው። ቁጣው ግን ከዚያ ያለፈ ነበር፦ የስደታችን ታሪክ ሲነገር መሐል ላይ የሚቆመው ማን ነው የሚል።

ወደ ጌሙ ስመለስ፣ ጌም ከፊልም የሚለይበት ነገር ለዲላ ወጣት በደንብ ሊገባው ይገባል። ፊልም ተመልካችን አስቀምጦ ያሳየዋል። ጌም እጁን ያስነሳዋል፤ ቁልፉን ሳይጫን ምንም አይሆንም፤ የሆነውም በእሱ ጣት ነው የሆነው። ስለዚህ ሠሪው አስቀድሞ የሚወስነው ትልቁ ነገር ተጫዋቹ ማንን እንደሚሆን ነው። የሌዶን ጌም ተጫዋቹን ገዳይ አደረገው። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሱዛና ሩዊዝ የመራቻቸው ተማሪዎች፣ አሁንም በዚያው በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ «ዳርፉር ኢዝ ዳይንግ» የተባለ ጌም ሠርተው ነበር። በእሱ ተጫዋቹ የተፈናቀለ ቤተሰብ አባል ይሆናል፤ ከመጠለያው ወጥቶ ውኃ ለመቅዳት ይሮጣል፣ ታጣቂዎቹ ካዩት ተይዞ ይቀራል፣ ተጫዋቹ ሌላ የቤተሰብ አባል መርጦ እንደገና ይልካል። በዚህም ላይ ቅሬታ ተነሳ፤ የሰው መከራ መጫወቻ ሆነ የሚሉ ነበሩ። እኔ ይህን ጌም ሳስብ ጌዴብ ይታየኛል። ውኃ ልትቀዳ የወጣችው ልጅ እዚህ ታሪክ አይደለችም፤ ዛሬ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ልትሆን ትችላለች፤ ጌሙን የሚሠራው ልጅ አጠገብ ተቀምጣ።

መጠየቅ ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም። የተጎዱ ሰዎች በአንድ አፍ አይናገሩም። ከኮለምባይን ቆስለው ከተረፉት አንዱ፣ በጥይት ተመትቶ እግሩ የማይታዘዝለት ወጣት፣ የሌዶንን ጌም ተጫውቶ እንዲህ ያለ ነገር መሠራቱን በተወሰነ ደረጃ እንደሚያደንቅ ተናግሯል። ልጁን ያጣ አባት ደግሞ አጥብቆ አወገዘው። ሁለቱም የመናገር ሙሉ መብት አላቸው። ሠሪው ቀድሞ ሁለቱንም ቢያገኝ ጌሙ ላይቀር ይችል ነበር፤ ርዕሱ ላይ ያ ቃለ አጋኖ ይኖራል ብዬ ግን አላምንም። አንድ ሠሪ የሟችን አባት ዓይን እያየ የሚጽፈውና ክፍሉ ውስጥ ብቻውን የሚጽፈው አንድ አይሆንም።

እግድንም አልደግፍም። ስላምዳንስ ጌሙን ሲያስወጣ ዝናው ጨመረ እንጂ የአንድም ወላጅ እንባ አልታበሰም። አበራሽ ፍርድ ቤት የሄደችው ግን ሌላ የሚሰማት በር ስላጣች ይመስለኛል፤ ያ በር ከብዙ ዓመት በፊት፣ ጽሑፉ ገና ረቂቅ ሳለ፣ ሊከፈትላት ይችል ነበር።

በጌዴኦ ለዚህ የሚሆን ነገር ከጥንት አለ። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ጉዳይ ይሰማሉ። በጌዴኦና በጉጂ መካከል ደም ሲፈስ የሚፈጸመው የጎንዶሮ ሥርዓት በደሉ በግልጽ ተነግሮ፣ ደሙ ነጽቶ፣ ዳግም ላይነካኩ መሐላ የሚገባበት ነው። ከ2010ሩ ግጭት በኋላም ሁለቱን ሕዝብ ለማስታረቅ ይህ ሥርዓት ተፈጽሟል። ፊልም ሠሪ ሽማግሌ አይደለም፤ ፊልምም ዕርቅ አይተካም። ነገር ግን የቆሰለው ሳይሰማ ነገር እንደማይዘጋ የሚያውቅ ማኅበረሰብ ውስጥ ሆኖ ስክሪፕቱን ለቆሰለው ሳያሳዩ ካሜራ ማንሳት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ስለ 2010 የሚሠራ ሰው፣ በፊልምም ይሁን በጌም፣ ይህን እንዲያደርግ እለምነዋለሁ። ረቂቁን ይዞ ጌዴብና ኮቸሬ ይሂድ፤ ወደ ጉጂ ተሻግሮም ቀርጫ ይድረስ፣ እዚያም ቤቱ የተቃጠለበት ሰው አለና። በጌዴኡፋና በአፋን ኦሮሞ ያንብብላቸው። ስሜ ይውጣ የሚለውን ስሙን ያውጣ፣ ይደበቅ የሚለውን ይደብቅ፣ ተወኝ የሚለውን ይተው። ከሥራው ገንዘብ ከተገኘ ድርሻቸው አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ። ሥራው ሲያልቅም የመጀመሪያው ተመልካች እነሱ ይሁኑ፤ ጄኔሬተር ተከራይቶ፣ ነጭ አንሶላ ወጥሮ፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ። አዲስ አበባና ፓርክ ሲቲ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።